የአማርኛ ውክፔዲያ በጎ ፈቃደኛ አርታዒዎች

የአማርኛ ውክፔዲያ አንባቢዎቹ ራሳቸው የሚጽፉትና የሚያርሙት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። ከ15 ሺህ የሚበልጡ መጣጥፎች አሉት። የጻፏቸው፣ ያስተካከሏቸውና ከአበላሽ የሚጠብቋቸው ሰዎች በጎ ፈቃደኛ አርታዒዎች ይባላሉ፤ ደመወዝ የላቸውም፣ የመጣጥፉ ራስጌ ላይም ስማቸው አይሰፍርም። አርታዒ ለመሆን የትምህርት ማስረጃም ሆነ የሹመት ደብዳቤ አይጠየቅም። ገጹን ከፍቶ አንድ የተሳሳተ ፊደል ያቀና ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አርታዒ ነው።

ውክፔዲያ በእንግሊዝኛ የተጀመረው በጥር 1993 ዓ.ም. ሲሆን ጀማሪዎቹ ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ናቸው። ኮምፒውተሮቹን የሚያስተዳድረውና ገንዘብ የሚያሰባስበው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. ነው። ፋውንዴሽኑ መጣጥፍ አይጽፍም፣ ምን ይጻፍ ብሎም አያዝም። የእያንዳንዱ ቋንቋ እትም በቋንቋው አርታዒዎች እጅ ነው፤ ስለዚህ አማርኛው ጎደሎ ሆኖ ሲገኝ የጎደለው የአማርኛ አርታዒ እንጂ የአሜሪካው ፋውንዴሽን ትጋት አይደለም።

የአርታዒን ሥራ ለመረዳት ስለ አንዲት ከተማ የሚጻፍን ገጽ መመልከት ይበቃል። ሁሩታ በአርሲ ዞን የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀላል ትመስላለች፤ አርታዒው ግን ገና «ሁ» ላይ ይቆማል። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አንዱ «ሁሩታ»፣ ሌላው «ሑሩታ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ለሰው ጆሮ ልዩነት የለውም፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ካልተጠነቀቁ ለአንዲት ከተማ ሁለት ግማሽ መጣጥፍ ይከፈትላታል። አርታዒው አንዱን አጻጻፍ ዋና ያደርግና ሌላውን ወደ እሱ የሚመራ መጠቆሚያ ያደርገዋል። ክፍለ አገሩም ከዚህ አያመልጥም፤ በድሮ መጻሕፍት «አሩሲ»፣ በዛሬ ሰነዶች «አርሲ» ነው። ከዚህ ላይ የከተማዋ ሰዎች በኦሮምኛ ስሟን እንዴት እንደሚጠሩትና በቁቤ እንዴት እንደሚጻፍ ማመልከት ይጨመራል።

የስም ነገር ፊደል ብቻ ሆኖ የማይቀርበት ጊዜም አለ። ከሁሩታ በስተሰሜን ያለችው ትልቅ ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ቀድሞ ስሟ ወደ አዳማ ተመልሳለች። ዛሬም ሁለቱንም ስሞች የሚጠራ ሰው አለ። አርታዒው እሱ የለመደውን ስም የመጫን መብት የለውም። ርእሱ በሥራ ላይ ያለው ስም ይሆናል፤ የቀድሞው ስም ከነታሪኩ በመጣጥፉ ውስጥ ይገባል፤ ናዝሬት ብሎ የፈለገ ሰውም አዳማ ላይ ይደርሳል። የገለልተኝነት መመሪያ የሚባለው በተግባር ይኸው ነው።

ከስሙ ቀጥሎ አርታዒውን የሚያደክመው ዓመተ ምሕረቱ ነው፤ ምናልባትም የአማርኛው እትም ከአብዛኞቹ ተለይቶ የሚሸከመው ጣጣ ይህ ነው። በዚያው በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በምሕጻሩ ካዱ፣ ሥራ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝኛ ዘገባዎች 1967 ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን «እ.ኤ.አ.» የሚለው ተቀንሶ 1967 ብቻውን ወደ አማርኛ ገጽ ከገባ፣ ካዱ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ በታወጀበት ዓመት የተመሠረተ ይመስላል። ድርጅቱ ግን የሠራው ከባለመሬትና ከጭሰኛ ጋር ነበር። ሰባት ዓመት የዘለለ ቁጥር ታሪኩን እንዳለ ይገለብጠዋል። በሕዝብ ቆጠራም እንዲሁ ነው፤ አገር አቀፍ ቆጠራዎቹ የተካሄዱት በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሲሆን የውጭ ምንጮች 1984፣ 1994 እና 2007 ብለው ይመዘግቧቸዋል። የከተማ ነዋሪ ቁጥር የትኛው ቆጠራ እንደሰጠው ሳይነገር ከተጻፈ ማንም አይጠቀምበትም።

እዚህ ላይ የምንጭ ጉዳይ ይመጣል። በውክፔዲያ ሕግ አንድ ነገር እውነት መሆኑ አይበቃም፤ አንባቢው ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል የታተመ ምንጭ ሊኖረው ይገባል። አርታዒው የሁሩታ ተወላጅ ቢሆንም፣ የሰፈሩን አመሠራረት ከአያቱ ቢሰማም፣ የሰማውን እንደ ማስረጃ ማቅረብ አይችልም። ሕጉ ለእንግሊዝኛ አንባቢ እምብዛም አይከብድም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሞልቷልና። ብዙ ታሪካቸው በሽማግሌዎች አፍ ላለ ከተሞች ግን ጨከን ያለ ነው። ቢሆንም ሕጉ ከሌለ ለሐሜትና ለፉከራ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። በሕይወት ስላለ ሰው የሚጻፍ ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል፤ ምንጭ የሌለው ክስ ክርክር ሳይጠብቅ ይወጣል።

ሌላው ግዴታ ዘብነት ነው። እያንዳንዱ ለውጥ፣ የአንድ ነጥብ መጥፋት እንኳ፣ ከሰዓቱና ካደረገው ሰው መለያ ጋር በገጹ ታሪክ ይመዘገባል። አርታዒዎች የቅርብ ለውጦችን ዝርዝር እያዩ ስድብ፣ ማስታወቂያና የውሸት ቁጥር ሲያገኙ ገጹን ወደነበረበት ይመልሳሉ። የሐሳብ ልዩነት ከሆነ ግን መመላለሱ ነውር ነው፤ እያንዳንዱ መጣጥፍ ያለው የውይይት ገጽ ላይ ተነጋግሮ መስማማት ይጠበቃል። ስለ ዘመዱ ሆቴል የሚጽፍ አርታዒ ዝምድናውን ቢገልጽ ይሻለዋል፤ ተከፍሎት የሚጽፍ ደግሞ መግለጽ ግዴታው ነው።

ከተራው አርታዒ በላይ መጋቢዎች አሉ። በማኅበረሰቡ ስምምነት ይመረጣሉ፤ ገጽ መሰረዝ፣ በተደጋጋሚ የሚበላሽን ገጽ መቆለፍና አጥፊን ማገድ ይችላሉ። ሥልጣናቸው የመጥረጊያና የቁልፍ ሥልጣን ነው። በክርክር ላይ የመጋቢ ድምፅ ከሌላው ድምፅ አይበልጥም። መጋቢ በሌለበት ትንሽ እትም ከሁሉም ቋንቋዎች በተውጣጡ አባላት የሚመረጡ የጋራ ኃላፊዎች አስቸኳይ ችግሮችን ይመለከታሉ፤ ቋንቋውን ግን ላይችሉ ይችላሉ።

አርታዒ ባነሰ ቁጥር የአንዱ ጥፋት ይከብዳል። በእንግሊዝኛው እትም ስሕተት በደቂቃዎች ውስጥ ሊታረም ይችላል፤ በትንሽ ቋንቋ ዓመታት ይኖራል። ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት በስኮትስ ቋንቋ እትም ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መጣጥፎች ሲጽፍ ከርሞ ነገሩ የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በአማርኛም የዛሬው ፈተና በማሽን ተተርጉሞ ሳይነበብ የሚለጠፍ ጽሑፍ ነው። ፊደሉ አማርኛ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አያስኬድም። እንዲህ ያለ ገጽ ባይኖር ይመረጣል፤ ባዶውን ያየ ሰው ሊጽፍ ይነሣሣል፣ የተሞላውን ያየ ግን ያልፋል።

ከጋዜጣ ወይም ከመጽሐፍ ገልብጦ መለጠፍም የተከለከለ ነው፤ በኢትዮጵያም የቅጅ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ደንቡ ቀለል ይላል። ራሱ ያነሣውን ሥዕል ማንም ይጠቀምበት ብሎ የሚሰጥ ሰው በዊኪሚዲያ የጋራ የምስል ማከማቻ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ አንዴ ከገባ የአማርኛውም የኦሮምኛውም መጣጥፍ ይጠቀምበታል። የሁሩታን ዋና መንገድ ወይም የጭላሎን ተራራ በስልኩ ያነሣ የአካባቢው ተማሪ ለመጀመሪያ ሥራው ይህ ይበቃዋል።