ከባለ ክብረ ወሰኑ ኋላ የነበረው አሰልጣኝ

ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕተም በኦክቶበር 2023 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ35 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር ሁላችንም ሰምተናል። አሰልጣኙን ጄርቬ ሃኪዚማናን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ሩዋንዳዊው ጄርቬ ራሱም ሯጭ ነበር። ኬንያ ውስጥ ሲለማመድ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ በባዶ እግሩ ኋላ ኋላው ይሮጥ ነበር። ያባርረው እንደነበር ጄርቬ ራሱ ተናግሯል። ያ ልጅ ኪፕተም ነው፤ በኋላ አሰልጥኖ ለዚያ ድል አበቃው።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 ማታ ካፕታጋት አካባቢ በደረሰ የመኪና አደጋ ሁለቱም አብረው ሞቱ። ጄርቬ 36 ዓመቱ፣ የሁለት ልጆች አባት የነበረው ኪፕተም ደግሞ ገና 24 ዓመቱ ነበር።

በየካምፓችንም ከሯጮች ኋላ የሚሮጥ ሕፃን አይጠፋም። መምህራንና ስፖርተኞች ሆይ፣ ከማባረራችሁ በፊት እስቲ ዞር ብላችሁ እዩት።

ነፍሳቸውን ይማር።