የትንሹ ሚክሰር የመግለጫ ወረቀት ለነጋዴው ምን ይነግረዋል?

በአሁኑ ጊዜ በገበያችን ከሚፈለጉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አንዱ በተለምዶ ሚክሰር እየተባለ የሚጠራው የድምፅ ማደባለቂያ መሣሪያ ነው። ቀድሞ ይህን መሣሪያ የሚሹት የሬዲዮ ጣቢያዎችና ታላላቅ የሙዚቃ አዳራሾች ነበሩ። ዛሬ ግን በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ዓይነት ቤተ ክርስቲያኑም፥ ትምህርት ቤቱም፥ የሠርግ አዳራሹም፥ ሆቴሉም፥ በቤቱ ሆኖ ድምፅ የሚቀርፀው ወጣትም ይገዛዋል። ዕቃው ክብደቱ ቀላል፥ ዋጋውም ከታላቁ ጋር ሲነጻጸር መጠነኛ ስለ ሆነ ለአስመጪውም ለባለ ሱቁም የሚመች ንግድ ይመስላል።

ዳሩ ግን ይህ ዕቃ እንደ ጨርቅና እንደ ስኳር በዓይን ታይቶ፥ በእጅ ተዳስሶ የሚታዘዝ አይደለም። አስመጪው ከማዘዙ በፊት በእጁ የሚገባው ሥዕሉና ሠሪው ፋብሪካ ያወጣው የመግለጫ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች ከመሐንዲስ በቀር ለሌላ ሰው የማይገቡ ስለሚመስሉ ብዙ ነጋዴ ዋጋውንና የቻነሉን ብዛት ብቻ ተመልክቶ ያልፋቸዋል። እኔ በአንድ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የምሠራ ሰው ነኝ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን የትእዛዙን ደብዳቤ የሚጽፈውና ከሻጩ የሚመጣውን ወረቀት አስቀድሞ የሚያነበው ጸሐፊው ስለ ሆነ፥ ለነጋዴ የሚበቃውን ያህል መረዳት እንደሚቻል በሥራ ላይ ተመልክቻለሁ።

ይህን መረዳት ለምን ያስፈልጋል? ቢሉ፥ ምክንያቱ ገንዘቡ የሚከፈልበት መንገድ ነው። ባንክ በኤል ሲ ሲከፍል የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ዩ ሲ ፒ 600 የተባለው ደንብ በ5ኛው አንቀጽ ይህንኑ ይደነግጋል። በ18ኛው አንቀጽም በሻጩ ኢንቮይስ ላይ የሚጻፈው የዕቃ መግለጫ በኤል ሲው ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማት እንዳለበት ያዛል። እንግዲህ በኤል ሲው ላይ የተጻፈው «ባለ 12 ቻነል ሚክሰር» የሚል ብቻ ከሆነ፥ 12 ቻነል ያለው ማናቸውም ዓይነት ሚክሰር ቢጫን ሰነዱ የተሟላ ነው፤ ገንዘቡም ይከፈላል። ዕቃው ለደንበኛው ጉዳይ የማይሆን መሆኑ የሚታወቀው ሣጥኑ በመጋዘን ከተከፈተ በኋላ ነው።

የቻነል ቁጥርና የማይክሮፎን ቁጥር

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ በሚክሰሩ ስም ላይ ያለው ቁጥር የማይክሮፎን ቁጥር አለመሆኑ ነው። ሠሪዎቹ በአብዛኛው የሚቆጥሩት ማናቸውንም የድምፅ መግቢያ ነው። ከኮምፒዩተር ወይም ከኪቦርድ የሚመጣ የስቴሪዮ ድምፅ ግራና ቀኝ ስላለው አንዱ የስቴሪዮ መግቢያ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ለምሳሌ ያህል ያማሃ ኤም ጂ 10 የተባለው ሚክሰር 10 ቻነል አለው፤ ማይክሮፎን የሚቀበሉት ግን 4 ብቻ ሲሆኑ የቀሩት 6ቱ ሦስት የስቴሪዮ ጥንዶች ናቸው። ማኪ 1202 ቪ ኤል ዜድ 4 የተባለውም ከ12ቱ ቻነሎች ማይክሮፎን የሚቀበለው በ4ቱ ነው፤ የቀሩት 8ቱ አራት ጥንዶች ናቸው።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳስተው በሁለት ፋብሪካዎች ላይ የሚገኝ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ቤሪንገር ዜኒክስ 802 እና ማኪ 802 ቪ ኤል ዜድ 4 ሁለቱም በስማቸው 802 የሚል ቁጥር አላቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው 2 ማይክሮፎን ሲቀበል ሁለተኛው 3 ይቀበላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሁለቱም ፋብሪካዎች በወረቀታቸው ላይ በግልጽ ጽፈውታል። የማያነበው ገዢው ነው።

እንግዲህ 8 ማይክሮፎን የሚያስፈልገው የመዘምራን ቡድን 12 የሚለውን ቁጥር አምኖ ቢገዛ፥ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ባለ ሱቁ ይመለሳል፤ ባለ ሱቁም ወደ አስመጪው ይመለሳል። አስመጪው ግን የሚመለስበት ሰው የለውም።

ጥርጣሬ ያለበት ሰው በሥዕሉ ላይ ኤክስ ኤል አር የተባሉትን ክብ ሶኬቶች ይቁጠር። በውስጣቸው ሦስት ቀዳዳ ያላቸው ማይክሮፎን የሚገባባቸው ናቸው፤ በውስጣቸው ሦስት ዘንግ ያላቸው ግን ድምፅ ወደ ስፒከር የሚወጣባቸው ስለ ሆኑ ከቁጥር አይገቡም።

ፋንተም ፓወር

ማይክሮፎን በጠቅላላው በሁለት ይከፈላል። ዳይናሚክ የተባለው፥ በዘፋኞችና በሰባኪዎች እጅ የሚታየው፥ ያለ ምንም የኤሌክትሪክ ኀይል ይሠራል። ኮንደንሰር የተባለው፥ በቀረፃ ቤትና በመዘምራን ፊት የሚቆመው፥ ከሚክሰሩ በገመዱ በኩል ኀይል ይፈልጋል። ይህም ኀይል ፋንተም ፓወር ይባላል፤ ዋናው ልክም 48 ቮልት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ «ፋንተም ፓወር አለው» ብሎ ቮልቱን ሳይጠቅስ ቢያልፍ፥ ቮልቱ ስንት እንደ ሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ከ48 ብዙ ያነሰ ከሆነ አንዳንዱ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ድምፁ ይዳከማል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አይሠራም። ደንበኛው ግን ተበላሽቷል የሚለው ማይክሮፎኑን ስለሚሆን ባለ ሱቁ በሁለት ዕቃ ይከሰሳል።

ዴሲቤል ማለት ምን ማለት ነው?

በመግለጫ ወረቀት ላይ ነጋዴን የሚያስፈራው ቃል ይህ ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ሜትር ራሱን የቻለ ልክ ሳይሆን፥ አንዱ ነገር ከሌላው ስንት እጥፍ እንደ ሆነ የሚነገርበት ዘዴ ነው። በቮልት ሲታሰብ 20 ዴሲቤል 10 እጥፍ፥ 40 ዴሲቤል 100 እጥፍ፥ 60 ዴሲቤል 1,000 እጥፍ ነው። ይህን ብቻ የያዘ ሰው ከወረቀቱ አብዛኛውን ሊያነብ ይችላል።

ከዴሲቤል ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል ማየት ያሻል። ዲ ቢ ዩ የተባለው መነሻው 0.775 ቮልት ነው፤ ዲ ቢ ቪ የተባለው መነሻው 1 ቮልት ነው። በአንዱ የተጻፈውን ቁጥር በሌላው ከተጻፈው ጋር ሳያስተካክሉ ማወዳደር በክንድ የተለካውን ጨርቅ በሜትር ከተለካው ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

አሁን ይህን በሥራ ላይ እናውለው። ሹር ኤስ ኤም 58 የተባለው፥ በዓለም ሁሉ የታወቀው ዳይናሚክ ማይክሮፎን በፋብሪካው መለኪያ መሠረት የሚያወጣው 1.85 ሚሊ ቮልት ያህል ነው። የአዳራሽ መሣሪያዎች የሚሠሩበት ልክ ከዜሮ በላይ 4 ዲ ቢ ዩ፥ ማለትም 1.23 ቮልት ያህል ነው። ከዚያ ወደዚህ ለመድረስ ድምፁ 660 ጊዜ ያህል መጉላት አለበት፤ ይኸውም 56 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ጌን በሚለው መስመር 60 ዴሲቤል የሚል ወረቀት ለዚህ ማይክሮፎን ይበቃል። 40 ዴሲቤል የሚል ግን ድምፁ ቀሰስ ያለ ተናጋሪ ሲመጣ ጉልበት ያጥረዋል።

ተፈጥሮ የወሰነው ቁጥር

ማናቸውም ማጉያ ከድምፁ ጋር የራሱን ሽውታ ይጨምራል። ይህ በወረቀቱ ላይ ኢ አይ ኤን በሚል አጭር ስም ይጻፋል፤ ቁጥሩም ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ዕቃው የተሻለ ነው። ነገር ግን ወሰን አለው። 150 ኦም የሆነ ሬዚስተር በክፍል ሙቀት ብቻውን ተቀምጦ፥ ጆሮ በሚሰማው ክልል ሲለካ፥ የሚያወጣው ሽውታ ከዜሮ በታች 131 ዲ ቢ ዩ ያህል ነው። ይህ ከኤሌክትሮኖች የሙቀት እንቅስቃሴ የሚመጣ ስለ ሆነ በዚህ አኳኋን ሲለካ ማንም ፋብሪካ ሊያልፈው አይችልም።

ከዚህ ለነጋዴው ትልቅ ጥቅም ይገኛል። ከዜሮ በታች 127 ወይም 128 የሚል ወረቀት ጥሩ ዕቃን ያመለክታል። ከዜሮ በታች 140 የሚል ወረቀት ግን ይበልጥ የሚያስመካ ሳይሆን ይበልጥ የሚያስጠይቅ ነው። ወይ መግቢያው ታስሮ ያለ ሬዚስተር ተለክቷል፤ ወይ ቁጥሩ እውነት አይደለም። አንባቢ «በስንት ኦም ተለካ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ለሻጩ ቢልክ ከመልሱ ሻጩንም ዕቃውንም ያውቃል።

ሌሎቹ ቁጥሮች ይህን ያህል አያደክሙም። የድምፅ ክልሉ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ከደረሰ የሰው ጆሮ ከዚያ አያልፍምና ይበቃል። እላይ የጠቀስነው ኤስ ኤም 58 እንኳ የሚቀበለው ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሺህ ኸርዝ ትርፍ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ለተራው ደንበኛ ጥቅም የለውም። ቲ ኤች ዲ የተባለው የድምፅ መዛባትም ከመቶ 0.1 በታች ከሆነ ለአዳራሽ ሥራ ያረካል።

ዋትና የኤሌክትሪክ መስመር

ሚክሰር በውስጡ አምፕሊፋየር ከሌለው ስፒከር የሚያንቀሳቅስ ዋት የለውም። በወረቀቱ ላይ 20 ወይም 25 ዋት የሚል ቢገኝ ከመስመሩ የሚወስደውን ኀይል የሚነግር ነው። አምፕሊፋየር ያለበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዋቱ አር ኤም ኤስ በሚባለው ልክ መጻፉን ይመልከቱ። ፒ ኤም ፒ ኦ የሚል ከሆነ የታወቀ የመለኪያ ሕግ የሌለው ስለ ሆነ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢበዛ አይታመንም።

የአገራችን መስመር 220 ቮልት፥ 50 ኸርዝ ነው። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በ120 ቮልት ብቻ የተሠራ አዳፕተር እዚህ ቢሰካ ይቃጠላል። ከትንንሾቹ ሚክሰሮች ጥቂት የማይባሉት አዳፕተራቸው የሚያወጣው እንደ ስልክ ቻርጀር ዲሲ ሳይሆን ኤሲ ስለ ሆነ፥ ቢጠፋ በማናቸውም አዳፕተር አይተካም። ስለዚህ ብልህ አስመጪ ከዕቃው ጋር ጥቂት የሠሪውን መለዋወጫ አዳፕተሮች አብሮ ያዝዛል።

በአንዳንዱ አዳፕተር ላይ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ለሆነ ቦታ ብቻ የሚል ጽሑፍ ወይም የተራራ ምልክት ይገኛል። አየሩ ከፍ እያሉ በሄዱ መጠን ስለሚሳሳ ኤሌክትሪክን የመለየትና ሙቀትን የማብረድ ችሎታው ይቀንሳል። ለድሬዳዋና ለሐዋሳ ይህ አያሳስብም። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ምልክቱ ዕቃው አይሠራም ማለት አይደለም፤ ሠሪው ኀላፊነቱን የወሰደው እስከዚያ ከፍታ ድረስ ነው ማለት ነው። ከማዘዝ በፊት ከዚያ በላይ የሚሆን አዳፕተር እንዳለ መጠየቅ አይከብድም።

በትእዛዙ ላይ ምን ይጻፍ?

የሞዴሉ ስም እስከ መጨረሻው ፊደል ይጻፍ። ያማሃ ኤም ጂ 10 እና ያማሃ ኤም ጂ 10 ኤክስ ዩ ወንድማማች ቢሆኑም፥ ኤክስ የተባለው ፊደል የድምፅ ማስጌጫ ኢፌክት እንዳለው፥ ዩ የተባለው ከኮምፒዩተር ጋር በዩ ኤስ ቢ እንደሚገናኝ ያመለክታል። ፊደላቱ የሌሉት ሞዴል ሁለቱም የሉትም። ዩ ኤስ ቢ ቢኖረውም «2 መግቢያ፥ 2 መውጫ» ከተባለ፥ ኮምፒዩተሩ የሚቀበለው ተደባልቆ ያለቀውን ግራና ቀኝ እንጂ እያንዳንዱን ማይክሮፎን ለብቻው እንዳልሆነ ለቀረፃ ቤት ደንበኞች መንገር ያስፈልጋል።

ከሞዴሉ ስም ቀጥሎ የማይክሮፎን መግቢያው ብዛት፥ የፋንተሙ ቮልት፥ የጌኑ ልክና የመስመሩ ቮልት በአጭሩ ይግቡ። ለምሳሌ «4 የማይክሮፎን መግቢያዎች፥ 48 ቮልት ፋንተም፥ ከ60 ዴሲቤል የማያንስ ጌን፥ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ከነሠሪው አዳፕተር» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የመግለጫ ወረቀቱን ሁሉ በኤል ሲው ላይ መጫን ግን ሰነድ በተጓደለ ቁጥር ክርክር ስለሚያስነሣ አይመከርም። የትእዛዙ ገንዘብ ከፍ ያለ ከሆነ፥ ከጭነት በፊት ዕቃውን የሚያይ ገለልተኛ መርማሪ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።

ባለ ሱቁም በበኩሉ በየሚክሰሩ ላይ ከዋጋው ጎን «ይህን ያህል ማይክሮፎን ይቀበላል» የሚል ወረቀት ቢለጥፍ ብዙ ንዝንዝ ይቀርለታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኮላ የተጻፈ ትእዛዝ ጉድለቱ የሚታየው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። የመግለጫ ወረቀቱን ማንበብ የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሳይነበብ የታዘዘ ዕቃ ግን ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የነጋዴውን ካፒታል ሊይዝ ይችላል።