የአበርገሌ አውራ ፍየል፦ የመራቢያ አካላቱ፣ እክሎቹና የብቃት ምርመራው

የአበርገሌ ፍየል በተከዜ ተፋሰስ፣ በዋግ ኽምራና በአጎራባቾቹ የትግራይ ቆላማ ወረዳዎች የሚረባ፣ አጠር ያለ ቁመና ያለው፣ ለወተትም ለሥጋም የሚውል አገር በቀል ዝርያ ሲሆን፣ ፋርም አፍሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍየሎች መግለጫ ውስጥ ራሱን ችሎ ተመዝግቧል። ስለ እርባታው ሲነሳ ትኩረቱ የሚያርፈው በምትወልደውና በምትታለበው እናት ላይ ነው፤ ይሁንና የአንዲት እናት መምከን የሚያጎድለው የራሷን ግልገል ብቻ ሲሆን፣ ሃያ አምስት ያህል እናቶችን የሚያጠቃ አንድ አውራ ቢመክን ግን የመንጋው የወቅቱ ውልደት አብሮት ይቀራል።

የአውራው ቆለጦች ከሆድ ውጭ፣ በቆዳ ከረጢት ውስጥ የሚንጠለጠሉት የዘር ሕዋስ በሙሉ የሰውነት ሙቀት በአግባቡ ስለማይመረት ነው። ቆለጦቹ ከተቀረው ሰውነት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቅዘው ይቆያሉ፤ ለዚህም ወደ ቆለጡ የሚወርደው የደም ሥር በመላሾቹ ደም ሥሮች ተከቦ ሙቀቱን አስቀድሞ ይለቅላቸዋል፣ የከረጢቱ ጡንቻዎችም በብርድ ጊዜ ወደ ላይ ይሰበስቡታል፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ይለቁታል። የተመረተው የዘር ሕዋስ በቆለጡ ጎን ተጣብቆ በሚወርደው፣ ኤፒዲዲሚስ በሚባለው የተጠማዘዘ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አልፎ ይበስላል፤ ማከማቻውም በቆለጡ ግርጌ በጣት የሚዳሰሰው የቱቦው ጭራ ነው። ከመጀመሪያው ክፍፍል እስከ መብሰል ያለው ሂደት ሁለት ወር ገደማ ስለሚወስድ፣ ዛሬ በትኩሳት የተጎዳ አውራ ጉዳቱ የሚታይበት ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱም ሕመሙን ረስቶ ጥፋቱን በእናቶቹ ላይ ያላክካል።

እክሎቹ በተፈጥሮ የሚመጡና በኋላ የሚያጋጥሙ ተብለው ይከፈላሉ። ከመጀመሪያዎቹ ዋናው አንዱ ወይም ሁለቱም ቆለጦች ከሆድ ሳይወርዱ መቅረታቸው ነው፤ አንድ ቆለጥ ብቻ የወረደለት አውራ ሊያስረግዝ ቢችልም እክሉ በዘር ስለሚተላለፍ ለአባትነት አይመረጥም። በኋላ ከሚያጋጥሙት መካከል የመዥገር ቁስል፣ በእሾህና በግጭት የሚመጣ እብጠት፣ እንዲሁም የቆለጥና የኤፒዲዲሚስ ብግነት ይገኙበታል። ብግነቱን ከሚያስከትሉት አንዱ ብሩሴላ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ እናቶችን የሚያስወርድ፣ ባልተፈላ ወተትና ባዶ እጅ በማዋለድ ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ በወንዶችም ላይ የቆለጥ እብጠት የሚያመጣ ነው፤ የፍየል ወተት በሚጠጣበት አገር ይህ የእንስሳት ሐኪም ብቻ ጉዳይ አይሆንም። መኖም ድርሻ አለው፤ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት፣ ለማድለቢያ ቢበጅም ለአባትነት ለተያዘ ወጠጤ አብዝቶ መስጠት የዘር ሕዋስ ምርቱን ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉም በላይ መንጋውን የሚጎዳው ግን በሽታ አይደለም። ፈጥኖ ያደገው ወጠጤ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ይሸጣል፣ ወይም ተቀጥቅጦ ለሙክትነት ይያዛል፤ በመንጋው ውስጥ ቀርቶ የሚያጠቃው ገበያ ያልፈለገው ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ምርጫ ነው፤ ለዓመታት ሲደጋገም ዝርያውን ከማናቸውም ድርቅ ባልተናነሰ ያመነምነዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2009 እ.ኤ.አ. በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች የተጀመረው፣ ኋላም ወደ አበርገሌ ፍየል የተሸጋገረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሥራ መነሻው ይኸው ነበር፤ አርቢዎቹ ከምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጋር ሆነው ወጠጤዎቹን ከመሸጣቸው በፊት በእድገታቸውና በእናታቸው ወተት ያወዳድራሉ፣ የተመረጡትንም በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። በዋግ ኽምራ የዚህ ሥራ ማዕከል የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

የብቃት ምርመራው ከማጥቂያው ወቅት ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ቢደረግ ይመረጣል፤ ያን ጊዜ የተገኘን እክል ለማከም ወይም አውራውን ለመተካት ፋታ ይኖራል። መርማሪው ዓይንን፣ ጥርስንና ሰኮናን ካየ በኋላ (ያነከሰ አውራ ዘሩ የቱንም ያህል ጤናማ ቢሆን መውጣት አይችልም) ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ቆለጦች ወደ ታች ሳብ አድርጎ ይዳስሳል። ጤነኞቹ እኩያ፣ ጠንከር ያሉና በከረጢቱ ውስጥ እንደልብ የሚንሸራተቱ ናቸው፤ የለሰለሰ የመመንመን፣ የጋለና የሚያም የብግነት፣ የደነደነ ደግሞ ያረጀ ቁስል ምልክት ነው። ቀጥሎ ሜትሩ ከረጢቱ በሚሰፋበት ቦታ ይዞራል፤ የቆለጥ ዙሪያ ከዘር ሕዋስ መጠን ጋር ስለሚያያዝ አንድ ሜትር ያለው አርቢ ዕድሜያቸውና ክብደታቸው የተቀራረበ ወጠጤዎችን ማወዳደር ይችላል። ለትልልቅ የውጭ ዝርያዎች የወጣ መለኪያ ግን ለትንሹ የአበርገሌ ፍየል አይሠራም፤ ጤነኛውን ሁሉ ከንቱ ያስብላል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ የሚጨመረው ማይክሮስኮፕ ባለበት ሲሆን፣ የሕዋሶቹ እንቅስቃሴና ቅርጽ ይታይበታል። የማጥቃት ፍላጎት የሚፈተነው ግን አውራ ከፈለገች እናት ጋር በማገናኘት ብቻ ነው፤ ቆለጡም ፈሳሹም ያማረ ሆኖ ለመውጣት የሚሰንፍ አውራ አለና።

በምርመራው የወደቀው ወጠጤ ለባለቤቱ ኪሳራ አይደለም፤ ተኮላሽቶ ደልቦ በሙክት ዋጋ ይሸጣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በማድለቡ ላይ ነው፤ ገና በጨቅላነቱ የተኮላሸ ፍየል የሽንት ቱቦው ጠባብ ሆኖ ስለሚቀር፣ እህል ሲበዛበት ጠጠር በብልቱ ጫፍ ባለችው ቀጭን ዘንግ ላይ ተሰክቶ ሽንቱን ሊያግድበት ይችላል።