የአንጎል ፈሳሽን የሚገታው ማጣበቂያ፦ አቅሙና ወሰኑ

ከቶሮንቶው ብሉር ጎዳና በስተደቡብ የሚገኙት የማውንት ሳይናይና የሲክኪድስ ሆስፒታሎች ሐኪሞች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ለካናዳ የመጀመሪያ የሆነ ቀዶ ሕክምና አከናውነዋል። የአከርካሪ አጥንቱ በአግባቡ ያልተዘጋን ጽንስ ከእናቱ ማህፀን ሳይወጣ ጠግነዋል። ከሕክምናው ዓላማዎች አንዱ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ በክፍተቱ በኩል እንዳይወጣ መግታት ነው።

በአዋቂ ሰው ውስጥ የዚህ ፈሳሽ መጠን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በየቀኑ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመነጫል። ያቀፈው ሽፋን በአደጋ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በአፈጣጠር ጉድለት ሲከፈት ተሕዋስያን ገብተው ማጅራት ገትር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ የሚንጠባጠብ ውሃ መሰል ፈሳሽም አፋጣኝ ምርመራ ይሻል።

ሐኪሞች ቀዳዳውን በቅድሚያ ይሰፋሉ። ይሁን እንጂ መርፌው የበሳቸው ነጥቦች ራሳቸው ሊያፈሱ ይችላሉ፤ ጥልቅ ቦታዎችን ደግሞ መስፋት ያዳግታል። የሕብረ ሕዋስ ማጣበቂያ የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የፋይብሪን ማጣበቂያ ነው። ፋይብሪኖጅንና ትሮምቢን የተባሉ የደም ፕሮቲኖች በተለያዩ መርፌዎች ተሞልተው ቁስሉ ላይ ሲገናኙ፣ ደም በሚረጋበት መንገድ መረብ ሠርተው ስፌቱን ይሸፍናሉ። ሰውነት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ከፖሊኢታይሊን ግላይኮል የሚሠራው ሰው ሠራሽ ዓይነት ግን ከተቀባ በኋላ ስለሚያብጥ፣ ነርቭ በተጨናነቀበት ስፍራ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ማጣበቂያ ስፌትን ያግዛል እንጂ ከውስጥ የሚገፋን ግፊት ለብቻው አይቋቋምም። በተለይ አከርካሪያቸው ሳይዘጋ በተወለዱ ሕፃናት ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም፣ መውጫ ካልተበጀለት የተደፈነው ስፍራ ዳግም ሊያፈስ ይችላል። ለዚህም ሸንት የተባለ ቀጭን ቱቦ ይተከላል፤ አለዚያም በአንጎል ውስጥ አማራጭ መተላለፊያ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው፣ እስከ 12 ወር ዕድሜያቸው ሸንት የተተከለላቸው ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ ከተጠገኑት 82 በመቶ ሲሆኑ፣ በማህፀን ሳሉ ከተጠገኑት ግን 40 በመቶ ነበሩ።

በኢትዮጵያ ይህ የአፈጣጠር ጉድለት ብዙ ቤተሰቦችን የሚፈትን የጤና ችግር ነው። ክፍተቱ የሚፈጠረው በመጀመሪያዎቹ አራት የእርግዝና ሳምንታት፣ ብዙ እናቶች መጸነሳቸውን ሳያውቁ በመሆኑ፣ ፎሊክ አሲድ አስቀድሞ መውሰድ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ነጭ የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገድዳለች። በብሉር የሐበሻ መደብሮች የሚሸመተው የጤፍ ዱቄት ግን በዚህ ግዴታ አይካተትም። ስለዚህ እንጀራ ለሚያዘወትሩና ለመፀነስ ላሰቡ እናቶች፣ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ያለውን እንክብል ከእርግዝና በፊት መጀመሩ ይመከራል።