ቆሞ የሚጓዘው ፍሬን ያዥ

በአውስትራሊያ ሜልበርን ከተማ በሉና ፓርክ መዝናኛ፣ በ1912 እ.ኤ.አ. በእንጨት የተሠራ መንሸራተቻ ባቡር ዛሬም ይሠራል። ባቡሩ ሞተር የለውም፤ ወደ ላይ ተጎትቶ ይወጣና በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንደረደራል።

የልጅ ልጄ “አያቴ፣ ልሳፈር?” ሲለኝ እንጨቱ ሲጢጥ ሲል ሰምቼ ልቤ ራደ። ልጄ ግን ከተሳፋሪዎቹ መሀል ቆሞ የሚጓዘውን ሠራተኛ አሳየችኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቱን በእጁ የሚገታው እሱ ነው። እንጨት ደግሞ ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ መለመጥ ባሕርዩ ነው፤ ድምፁ ብቻውን የመሰበር ምልክት አይደለም። ይህን ስረዳ ፈቀድኩለት።

እናንተም ልጅ ከማሳፈራችሁ በፊት የቁመት ገደቡን አክብሩ። “መያዣውን ጨብጥ፣ እጅህን ወደ ውጭ አታውጣ፣ ሳይቆም አትነሣ” በሉት። የፈራውን ልጅ ግን አታስገድዱት።