የቨርጂኒያ 94ኛው የምርጫ ክልል፦ የአንድ ወንበር ታሪክ

በዩናይትድ ስቴትስ የሕዝብ ውክልና ሥርዓት ውስጥ ከውጭ አገር አንባቢ ብዙም ትኩረት የማያገኘው የግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች የምርጫ ክልል ነው። ክልል የሚለው ቃል እዚህ ላይ በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ አጠራር እንደሚታወቀው የራሱ መስተዳድርና በጀት ያለውን አካል አያመለክትም፤ አንድ እንደራሴ ለመምረጥ ሲባል ብቻ በካርታ ላይ የተሰመረን፣ በመሬት ላይ ግን ድንበሩ የማይታይን አካባቢ ያመለክታል። ከእነዚህ ክልሎች አንዱ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ በኒውፖርት ኒውስ ከተማ የነበረው 94ኛው ክልል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2018 እንደራሴው በዕጣ በመለየቱ ስሙ በዓለም ዙሪያ ተነሣ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዕጣው የብዙዎችን ዓይን ቢስብም፣ የወንበሩን ዕድል በተደጋጋሚ ሲወስን የኖረው ክልሉን ከጎረቤቶቹ የሚለየው መስመር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ አካል መነሻውን በ1619 በጄምስታውን ከተሰበሰበው የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ሸንጎ ይቆጥራል። «ሃውስ ኦፍ ዴሌጌትስ» የሚባለው የታችኛው ምክር ቤት በየሁለት ዓመቱ የሚመረጡ 100 እንደራሴዎች ሲኖሩት፣ ምርጫው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ስለሚካሄድ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ጋር አይገጣጠምም፤ በዚህም ምክንያት፣ በተለይ አገረ ገዢ በማይመረጥባቸው ዓመታት፣ ድምፅ ለመስጠት የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በርካታ እንደራሴዎችን በአንድነት የሚልኩ ሰፋፊ ክልሎች ነበሩ፤ አንድ ክልል አንድ እንደራሴ ብቻ የሚመርጥበት ሥርዓት በ1982 ሲተካቸው ሽግግሩ ሥርዓት አልያዘም ነበርና መራጩ በ1981፣ በ1982 እና በ1983 በተከታታይ ለዚሁ ምክር ቤት ድምፅ ለመስጠት ተገድዷል። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ለእያንዳንዱ ክልል የሚደርሰው ነዋሪ ወደ 80,000 ይጠጋል። በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን የሚኖሩ ዜግነት ያገኙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም እንደራሴያቸውን ወደዚሁ ምክር ቤት የሚልኩት በዚሁ መንገድ ነው።

ኒውፖርት ኒውስ በጄምስ ወንዝ ዳር የተዘረጋች፣ በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች በሚሠሩባት ግዙፍ የመርከብ ግንባታ ድርጅት የምትታወቅ ከተማ ናት። ከ1968 ጀምሮ በምክር ቤቱ ከተማዋን ሲወክሉ የቆዩት ዴሞክራቱ አላን ዳያመንስቲን በ2001 ለምክትል አገረ ገዢነት ለመወዳደር ወንበሩን ሲለቁ 94ኛው ክልል በሪፐብሊካኑ ግሌን ኦደር እጅ ገባ፤ ኦደር በ2011 ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ ደግሞ የፓርቲ ባልደረባቸው ዴቪድ ያንሲ ተተኩ። የከተማዋ የትምህርት ቦርድ አባል የነበሩት ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ በ2015 ያንሲን ተፎካክረው በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ፤ በ2017 ግን ተመልሰው መጡ።

በዚያ ዓመት ኅዳር 7 ቀን በተካሄደው ምርጫ ዴሞክራቶች በመላ ግዛቱ ያልተጠበቀ ድል ስላገኙ፣ ሪፐብሊካኖች በታችኛው ምክር ቤት የነበራቸው የ66 ለ34 ብልጫ ወደ 51 ለ49 ወረደ፤ ስለዚህ አንድ ወንበር ብቻ ቢገለበጥ ምክር ቤቱ እኩል ለእኩል ይከፈል ነበር። በ94ኛው ክልል ያንሲ በ10 ድምፅ ብቻ መምራታቸው ተነገረ። የቨርጂኒያ ሕግ በተፎካካሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ አንድ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ተሸናፊው ድጋሚ ቆጠራ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ቆጠራውንም ሦስት ዳኞች የሚሰየሙበት ችሎት ይመራዋል። የምርጫ ቦርዱ ያለ ወረቀት የሚሠሩትን በጣት የሚነኩ የምርጫ መሣሪያዎች በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከአገልግሎት ስላስወጣ በግዛቱ ሁሉ እያንዳንዱ ድምፅ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ይገኝ ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን ወረቀቶቹ እንደገና ሲቆጠሩ ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607 ድምፅ አግኝተው ተገኙ፤ ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ አሸነፉ ተባለ።

ያ ድል ከአንድ ቀን አላለፈም። በቆጠራው ዋጋ አልባ ተብላ ወደ ጎን ከተደረጉት ወረቀቶች አንዷ በማግሥቱ ወደ ችሎቱ ቀረበች፤ መራጩ በዚህች ወረቀት ላይ የሁለቱንም ዕጩዎች ክብ አጥቁሮ በሳይመንድስ ክብ ላይ ሰያፍ መስመር አሳርፎበታል፤ ለአገረ ገዢነት የሪፐብሊካኑን ኤድ ጊለስፒን ክብ ሲያጠቁርም እዚያው ላይ የኤክስ ምልክት ጨምሯል። የሳይመንድስ ጠበቆች ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው የተመረጠባት ወረቀት እንደማትቆጠር ተከራከሩ፤ ዳኞቹ ግን ሰያፉን መስመር እንደ ስረዛ ተረድተው ድምፁን ለያንሲ ሰጡ። አንድ ሰው እስክሪብቶውን ለምን እንዳዘነበለ ራሱ ሳይጠየቅ መተርጎም የዳኝነት ሥራ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱም ወገን የየራሱን አሳማኝ ንባብ ማቅረቡ አያስገርምም። ውጤቱ 11,608 ለ11,608 ሆነ።

እኩል ድምፅ ሲገኝ አሸናፊው በዕጣ እንዲለይ የግዛቱ ሕግ ያዝዛል። በዕቁብም ሆነ በኮንዶሚኒየም ቤት ድልድል ዕጣን ለለመደ አንባቢ ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም፤ የሚያስደንቀው ዕቃው ነው። ሳይመንድስ ችሎቱ ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ ያቀረቡት አቤቱታ ውድቅ ከሆነ በኋላ፣ ጥር 4 ቀን 2018 በሪችመንድ ከተማ፣ ስሞቹ የተጻፉባቸው ቁራጭ ወረቀቶች የፎቶግራፍ ፊልም በሚቀመጥባቸው ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ ገብተው ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በመጣ ሰማያዊና ነጭ የሸክላ ሳህን ውስጥ ተቀመጡ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጃቸውን ሰደው ያወጡት የያንሲን ስም ነበር፤ ሁለተኛው ብልቃጥም ተከፍቶ የሳይመንድስ ስም በውስጡ መኖሩ ለታዳሚው ታየ። ሳይመንድስ ከስድስት ቀን በኋላ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ።

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። ቢያንስ 26 መራጮች መኖሪያቸው በ94ኛው ክልል ውስጥ ሆኖ ሳለ በስህተት ወደ ጎረቤቱ ወደ 93ኛው ተመዝግበው፣ በሰፊ ልዩነት በተጠናቀቀው በዚያ ውድድር ድምፅ መስጠታቸውን ዋሽንግተን ፖስት በግንቦት 2018 ዘገበ። አብዛኛው ነዋሪው ጥቁር አሜሪካዊ በሆነበትና ዴሞክራቶችን በሚደግፍ ሠፈር የሚኖሩ ነበሩ። በአንድ ወረቀት ላይ ስለተጫረ ሰያፍ መስመር አገር ሲከራከር፣ በመዝገብ ላይ የተሳተው የድንበር መስመር እኩሌታውን አስቀድሞ ሊያፈርስ ይችል የነበረ መሆኑ ያን ያህል አልተወራለትም።

ዕጣው ለሪፐብሊካኖች የጠበቀላቸው የ51 ለ49 ብልጫም የተፈራውን ያህል በር አልዘጋም፤ ሜዲኬይድ የተባለውን ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሰጥ የጤና መድን እስከ 400,000 ለሚደርሱ ተጨማሪ ሰዎች የሚያዳርሰው በጀት ከሪፐብሊካን እንደራሴዎች በከፊሉ ድጋፍ በዚያው ዓመት ጸደቀ። በሰኔ 2018 ደግሞ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2011 ከተሰመሩት ክልሎች 11ዱ ጥቁር መራጮችን በዘር ለይቶ በጥቂት ክልሎች ውስጥ በማጨቅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ሲል ወሰነ። ከእነዚህ አንዱ ከሃምፕተን ከተማ ተነሥቶ ወደ ኒውፖርት ኒውስ የሚዘልቀው 95ኛው ክልል ስለነበር፣ የእርሱ መስመር ሲስተካከል የጎረቤቱ የ94ኛውም መስመር ተነካ። በ2019 በአዲሱ ካርታ ሁለቱ ተፎካካሪዎች ለሦስተኛ ጊዜ ሲገናኙ ሳይመንድስ ድጋሚ ቆጠራ በማያስፈልገው ልዩነት አሸነፉ፤ ፓርቲያቸውም የታችኛውን ምክር ቤት 55 ለ45 ያዘ።

ከ2020 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ክልሎችን እንዲያካልል የተቋቋመው ኮሚሽን መስማማት ስላቃተው ካርታውን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሁለት ባለሙያዎች አሠርቶ አጸደቀው። በ2023 ሳይመንድስ እዚያው ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ሆነው የተመረጡት በ70ኛው ክልል ስም ነው፤ 94 የሚለው ቁጥር ግን የሃምፕተን ሮድስን ውሃ ተሻግሮ ለኖርፎክ ከተማ መራጮች ተሰጥቷል።