በፊደል የማይታየው ጫና

«ገና» አልመጣም ስንል «ና» ይላላል፤ «ገና» ደረሰ ስንል ይጠብቃል። አጻጻፉ አንድ ነው፤ የሚለየው ጆሮ ነው። እንግሊዝኛም በጽሑፍ የማይታይ እንዲህ ያለ ምስጢር አለው። ከቃሉ ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ ጎላና ረዘም ብሎ ይጠራል፤ ይህ ጫና ይባላል። «ሪከርድ» ጫናው መጀመሪያው ላይ ሲያርፍ ስም፣ መጨረሻው ላይ ሲያርፍ ግስ ነው።

ጫናውን ለማግኘት ቃሉን በክፍለ ቃል መበተን ይቀድማል። እያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ የአናባቢ ድምፅ አለው፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ድምፁ እንጂ ፊደሉ አይደለም። መዳፍዎን ከአገጭዎ ሥር አድርገው «ኤግዛሚኔሽን»ን ቀስ ብለው ይጥሩት፤ ኢግ-ዛ-ሚ-ኔ-ሽን። አገጭዎ አምስት ጊዜ ዝቅ ይላል።

ቀጥሎ የቃሉን መጨረሻ ማየት ነው። በ«ሽን» የሚያልቁ ቃላት ጫናቸው ከ«ሽን» በፊት ባለው ክፍል ላይ ያርፋል፤ እዚህ «ኔ» ላይ መሆኑ ነው። በ«ኢክ» የሚያልቁትም አብዛኞቹ እንደዚሁ ናቸው፤ «አረቢክ»ን የመሰሉ ጥቂቶች ግን ከደንቡ ይወጣሉ። በ«ሎጂ»፣ በ«ግራፊ»ና በ«ኢቲ» በሚያልቁት ጫናው ከኋላ ሲቆጠር ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው።

አንድ የቃላት ቤተሰብ እንይ። ፎ-ተ-ግራፍ፦ ጫናው «ፎ» ላይ ነው። ፈ-ቶግ-ረ-ፊ፦ ወደ «ቶግ» ተሻገረ። ፎ-ተ-ግራ-ፊክ፦ «ግራ» ላይ ደረሰ። ጫናው ሲለቀው «ፎ» ወደ «ፈ»፣ «ቶ» ወደ «ተ» ደበዘዘ። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ይህን መደብዘዝ ይደብቀዋል፤ የእኛ የግዕዝ ድምፅ («ፈ»፣ «ተ») ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። ፊደላችንን ተከትለን ሁሉንም ክፍል እኩል ብንረግጥ ግን ቃሉን በትክክል እያወቅነው ሰሚው ሊስተው ይችላል።

ቃልን በድምፁ መበተን የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኖኅ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው የንባብ ማስተማሪያ፣ ቀድሞ «ክለ-ስተር» ተብሎ ይከፈል የነበረውን ቃል «ክለስ-ተር» ብሎ ከፈለው፤ ሚዛኑ የአፍ አጠራር ነበርና። ዛሬ ብዙ መዝገበ ቃላት በአጠራሩ ማሳያ ላይ ጫና ካለበት ክፍል ፊት አጭር ቀጥ ያለ ጭረት ያቆማሉ። አዲስ ቃል ደብተርዎ ላይ ሲጽፉ ያቺን ጭረት አብረው ይጻፏት። «ገና»ን ከነጥብቀቱ ከእናታችን አፍ እንደተማርነው፣ የእንግሊዝኛም ቃል ከነጫናው ሲያዝ ነው የሚታወቀው።